የስፕሪንት መኪና ክንፍ ምንድን ነው?

ስፕሪንት መኪና አጭር የአፈር ትራክ ላይ የሚሽቀዳደም ትንሽ የውድድር መኪና ነው፤ አንዳንዱ ከላዩ ትልቅ ክንፍ ይገጠምለታል፣ አንዳንዱ አይገጠምለትም። አንዱ አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ክንፍ ያለው ስፕሪንት መኪና የሚፈጥነው ክንፉ ከመሬት ስለሚያነሳው ነው»። ይህን ነገር ስንቴ እንዳነበብኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ወንድሜ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ቃሉም ያሳስታል። «ክንፍ» ሲባል ወፍና አውሮፕላን ነው የሚመጣብን። ይህኛው ግን የአውሮፕላን ክንፍ ተገልብጦ እንደተገጠመ ቁጠሩት። ነፋሱ ሲያልፍበት መኪናውን ወደ ታች ይጫነዋል።

እርሻ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ገበሬው እርፉን ጫን ሲል ማረሻው አፈር ይነክሳል። እጁን ሲያላላ ላይ ላዩን ይጭራል። ክንፉ ያ የገበሬው እጅ ነው። ጫናው ደግሞ በነጻ አይገኝም። እርፉ ሲጫን በሬዎቹ ይከብዳቸዋል፤ ክንፉም ነፋሱን ስለሚጋፋ ሞተሩን ያደክመዋል። ገበሬው እርፉን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ትልሙን እንደሚያስተካክል ሁሉ፣ ከክንፉ ግራና ቀኝ የቆሙት ሰሌዳዎችም መኪናው ሲንሸራተት ነፋስ ይዘው ይደግፉታል።

ታዲያ ሞተሩን እያደከመ እንዴት ይፈጥናል? ትርፉ ያለው ኩርባው ላይ ነው። መኪናው ከነሹፌሩ 650 ኪሎ ገደማ ነው። ሞተሩ ደግሞ ወደ 900 የፈረስ ጉልበት አለው። ያን ሁሉ ጉልበት አፈር ላይ ስትለቀው ጎማው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ከላይ ያለው 25 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 2.3 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ ክንፍ ግን ጎማውን አፈሩ ላይ ይጫነዋል። አሜሪካ አዮዋ ግዛት ውስጥ እንደሚገኘው እንደ ኖክስቪል ባለ ግማሽ ማይል የአፈር ትራክ ላይ፣ ክንፍ የሌለው ነዳጅ ቀንሶ የሚገባበትን ኩርባ ክንፍ ያለው ብዙም ሳይቀንስ ይዞረዋል።

ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። ጫናው በፍጥነት ነው የሚመጣው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ሲያዘግም ክንፉ ብዙም አይጠቅምም። ሌላ መኪና ተከትሎ የሚሄድም የታወከ ነፋስ ስለሚደርሰው የገበሬው እጅ ይላላበታል። «ክንፍ ካለ ማንም ይነዳዋል» የምትሉ ይህን አስቡ።

ክንፍ የሌለውም ክንፉ የተነቀለ መኪና ብቻ አይደለም። ጎማውና ስፕሪንጉ ሌላ አስተካከል ይፈልጋል። ሹፌሩ በመሪው ብቻ ሳይሆን በነዳጁም ነው የሚያዞረው፤ መኪናው ወደ ጎን ተንሸራቶ፣ የፊት ጎማዎቹ ወደ ተቃራኒው ዞረው። በአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት የሚወደደው ይኼኛው ነው፤ ዩሳክ የሚባለው ማኅበር ያወዳድረዋል። በ1978 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ወርልድ ኦቭ አውትሎውስ የሚባለው ተከታታይ ውድድር ደግሞ የባለ ክንፎቹ ነው። ሁለቱም ሙያ ነው፣ ግን አንድ ሙያ አይደለም።

አሁንም «ያነሳዋል» የሚል ካለ ውድድሩን ልብ ብሎ ይመልከት። ትራኩ ደርቆ መንሸራተት ሲጀምር፣ ሹፌሩ እየነዳ በሃይድሮሊክ የላዩን ክንፍ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የኋላ ጎማዎቹ ላይ ጫና እንዲጨምርለት ነው።