ነፃ የንግድ ቀጠና ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ቡና ላይ ተቀምጠን ወሬው የአፍሪካ ነፃ የንግድ ቀጠና ላይ ከደረሰ አንዱ መነሳቱ አይቀርም። «ድንበር ከፍቶ የውጭ ሰው ማስገባት ነው! ስዊዘርላንድ ምን እንደደረሰባት አላያችሁም?» አሁንስ ሰለቸኝ። አይደለም ወንድሜ። ቀጠናው የሚያነሳው አባል አገሮች አንዱ ከሌላው በሚያስገባው ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ነው። ቪዛና የሥራ ፈቃድ ሌላ ወረቀት ነው።

አጥር የምንጋራ ጎረቤቶች ነን እንበል። እኔ አቮካዶ በአጥር አቀብልሃለሁ፣ አንተ ቡና ታቀብለኛለህ። ቀጠናው ይኸው ነው፤ የመንገድ በሩን እያንዳንዳችን እንደፈለግን እንዘጋለን። ከመንገድ የሚመጣን ሻጭ ሁለታችንም እኩል እናስከፍል ካልን የጉምሩክ ኅብረት ሆነ። የአንተ ልጆች እኔ ግቢ ገብተው ይሥሩ ሲባል ነው የጋራ ገበያ የሚመጣው። ከገበያ ገዝተህ «የግቢዬ ነው» ብለህ ብታቀብለኝስ? የስሪት አገር ማረጋገጫ የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ የጉምሩክ ቅጽ (ዲክላራሲዮን) ስሞላ የኖርኩ ትራንዚተር ነኝና ይህን ሳልናገር አላልፍም። ደግሞ ቀረጥ ዜሮ ሆነ ማለት ቫት ቀረ ማለት አይደለም።

ወደ ስዊዘርላንድ እንምጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ከአውሮፓ ጋር የነፃ ንግድ ስምምነት የፈረመችው በ1972 ነው። ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ገደማ የፋብሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ሲመላለስ፣ የውጭ ሠራተኛ ግን የሚገባው በፈቃድ ነበር። የሰዎች ነፃ ዝውውር የመጣው በ1999 ተፈርሞ በ2002 ሥራ ላይ በዋለ ሌላ ስምምነት ነው። ችግሩ ይህ ስምምነት ከሌሎች ስድስት ጋር መታሰሩ ነው፤ አንዱ ከፈረሰ ሁሉም ይፈርሳል። ስለዚህ በ2014 ሕዝቡ በ50.3 በመቶ «የውጭ ሰው ቁጥር ይገደብ» ብሎ ሲወስን መንግሥት ጭንቅ ውስጥ ገባ። መጨረሻ ላይ ለአገር ውስጥ ሥራ ፈላጊ ቅድሚያ የሚሰጥ ለስላሳ ሕግ አውጥቶ አለፈው። በ2020 ዝውውሩ ራሱ ይቅር የሚል ጥያቄ ሲቀርብ ደግሞ 61.7 በመቶው እምቢ አለ።

ስጋቱ ባዶ ነው አልልም። በጣሊያን ድንበር ያለው የስዊዘርላንድ ክልል ቲቺኖ በ2014 ገደቡን የደገፈው በ68 በመቶ ነው። ጠዋት ከጣሊያን ገብቶ ማታ የሚመለሰው ሠራተኛ በአነስተኛ ደመወዝ እየሠራ ሥራችንን ይሻማናል ነው የሚሉት። ግን ይህ የደመወዝ ቁጥጥር ጉዳይ ነው። ጉምሩክ ምን አገባው?

የእኛም አህጉር ሁለቱን ለይቷል። የንግዱ ስምምነት በ2018 ኪጋሊ ተፈርሞ በ2019 ጸና። የሰዎች ዝውውር ፕሮቶኮል ለብቻው ነው፤ 15 አገር ሊያጸድቀው ይገባል፣ ያጸደቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

መጨነቅ ካለብን በዕቃው እንጨነቅ። የጅማ በርጩማ ጠራቢ «ከውጭ የሚገባው ወንበር ቀረጡ መቼ ይቀንሳል?» ብሎ ቢጠይቅ ልክ ነው። አገሮች ከዕቃ ዓይነቶች እስከ 3 በመቶ የሚሆነውን ከቅነሳው ውጪ ማድረግ ይችላሉ። ወንበር እዚያ ውስጥ ይግባ አይግባ፣ የሚያከራክረው እሱ ነው።