የክርን ራጅ ሲነሱ «መዳፍ ወደ ላይ» የሚባለው ለምንድን ነው?

ወድቀው ክርንዎን ተመትተው ራጅ ክፍል ገቡ እንበል። ባለሙያው መጀመሪያ «እጅዎን ዘርጋ ያድርጉ፣ መዳፍዎ ወደ ላይ» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ «አጠፍ ያድርጉት፣ አውራ ጣትዎ ወደ ላይ ይሁን»። ያመመው ሰው «ምን ያገላብጠኛል?» ቢል አይፈረድበትም። ግን ምክንያት አለው።

ከክርን በታች ሁለት አጥንቶች አሉ። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ጎን ለጎን ይተኛሉ። እስቲ አሁን ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መዳፍዎን ወደ ታች ይገልብጡት። በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት በሌላኛው ላይ ይሻገራል። ራጅ ጥላ ነው፤ አጥንቶቹ ተደራርበው ከተነሱ ስንጥቁ ሊደበቅ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ክርኑ ታጥፎ ከጎን የሚነሳው ምስል የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክርን 90 ዲግሪ ይታጠፋል። ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ በአንድ ከፍታ ይሆናሉ። ዝቅ ብለው እንዲቀመጡ የሚደረገው ለዚህ ነው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የስቡ ነገር ነው። ከክርን በስተኋላ፣ አጥንቱ ላይ ባለ ጉድጓድ ውስጥ የተሸሸገ ትንሽ ስብ አለ። ክርኑ በደንብ ታጥፎ ሲነሳ ይህ ስብ አይታይም። ከታየ መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ወይም ፈሳሽ ገፍቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ስንጥቁ ባይታይ እንኳ ሐኪሙ ስብራት ይጠረጥራል። ክርኑ ተዘርግቶ ከተነሳ ግን ስቡ ጤነኛ ሰው ላይም ብቅ ሊል ይችላል፤ ያኔ ምልክቱ አይታመንም።

መዘርጋት ካቃተዎት በጉልበት አይሞክሩ፣ ይናገሩ። ባለሙያው ክርኑ እንደታጠፈ ሁለት ጊዜ ያነሳዎታል፤ አንዴ የላይኛውን ክንድ፣ አንዴ የታችኛውን አስተኝቶ።