የዱላ እንጨት፦ ከጓሮ እስከ እጅ

ደጋ አገር ዱላ የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። እረኛው ይይዘዋል፣ ገበያተኛው ትከሻው ላይ ያጋድመዋል፣ ሽማግሌው ይመረኮዘዋል። ስሙም ይለያያል። እጀታው ቆልመም ያለው ከዘራ ነው፤ ረጅሙ ሽመል፤ ካህናት የሚደገፉት መቋሚያ።

የዱላ እንጨት ንጉሡ ወይራ ነው። ክትክታ ይበልጣል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ክትክታ ጠንካራ ነው፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። የወይራን ክብደትና ወዝ ግን ከየት ያመጣል?

ወይራ ዝግ ብሎ ያድጋል። የፍሬው አጥንት ድንጋይ ስለሆነ ሳይሰነጠቅ ከተዘራ መብቀያው ይዘገያል። ደግነቱ ሲቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥሩ ዱላም የሚገኘው ከዚህ ነው። ቀጥ ያሉት ሦስት አራት ቀንበጦች ይተዋሉ፣ ሌላው ይነሳል። የጎን እንቡጥ ለስላሳ ሳለ በጣት ይቀነጠሳል፤ ከቆየ ጉጥ ይሆናል። ጠጋ ጠጋ ብለው የተተከሉ ችግኞች ብርሃን ፍለጋ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ያስጠይቃል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለውንማ ማን ይደፍራል! ስለዚህ የጓሮው ይሻላል።

የሚቆረጠው በበጋ ነው፤ ውፍረቱ ከአውራ ጣት በለጥ ሲል። ጫፉ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ከሚፈለገው ትንሽ አስረዝሞ መቁረጥ ነው። ከነልጡ ማድቤት ጣሪያ ስር፣ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። ፀሐይ ላይ የጣለው ሰው ስንጥቅ ያነሳል። ደረቅ ሲል ረመጥ ላይ ሞቅ ተደርጎ፣ ባላ መሃል ገብቶ ይቀናል። ከዚያ ልጡ ይላጣል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል፣ ቅቤ ወይም ሞራ ጠጥቶ በጨርቅ ይታሻል። ቀለሙ ቀስ በቀስ ወደ ማር ይሄዳል። ከዘራ ከሆነ ግን እጀታው እርጥብ ሳለ በእሳት ለዝቦ ይታጠፍና እስኪደርቅ በገመድ ይታሰራል።

ሽመል የቆላ ቀርከሃ ነው፤ ረጅሙ ዱላም ስሙን ይጋራዋል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በብዛት ይበቅላል። ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ መሆኑ ነው። ቁመቱን በአንድ ክረምት ይጨርሳል፤ የሚጠነክረው ግን በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ለጋው ከተቆረጠ ይጨማደዳል።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። እኔን ከጠየቃችሁ ለቡሄ ልጆች ይበቃል።

በኦሮሞ ባህል እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ሲንቄ የሚባለው በትር ሀሮሬሳ ከሚባል ዛፍ ይቆረጣል።

መቋሚያ የራሱ ነገር አለው። ሊቃውንቱ ሥርዓቱን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ጋር ያያይዙታል። ራሱ አግድም ሆኖ ከእንጨት፣ ከቀንድ ወይም ከብረት ለብቻው ይሠራል። ዘንጉ ታዲያ ጎበጥ ካለ ያሳብቃል፤ ዝማሜ ላይ፣ ማለትም ካህናቱ እየዘመሩ ሲወዛወዙ፣ ሁሉም መቋሚያ በአንድ ላይ ሲወዛወዝ የጎበጠው ከሩቅ ይለያል።