የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አመዳደብና ቁጥጥር

በመካከለኛ ሞገድ የሚሠራ የሬዲዮ ጣቢያ ቀን ላይ የሚሰማው ምድርን ተከትሎ በሚጓዘው ሞገዱ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሞገድ ቀን ይውጠው የነበረው የከባቢ አየር ንብርብር ይከስማል፤ ሞገዱም ከበላዩ ካለው ንብርብር ነጥሮ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይወርዳል። እዚያ በዚያው ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ሌላ ጣቢያ ካለ ሁለቱ ይደበላለቃሉ። በአሜሪካ አንዳንድ ጣቢያዎች ሲመሽ ኃይል እንዲቀንሱ ወይም ጭራሹን እንዲዘጉ ፈቃዳቸው የሚያስገድዳቸው ለዚህ ነው። «ኤ» የሚል ደረጃ ያላቸው ግን እስከ 50 ኪሎ ዋት በሚደርስ ኃይል ሌሊቱን ሁሉ ያሰራጫሉ።

ስለ ብሮድካስት ቁጥጥር ሲነሳ ብዙ ሰው ሳንሱርን ያስባል፤ ደረጃ ማውጣት ያስፈለገው ግን ከዚህ የሞገድ መደበላለቅ የተነሳ ነው። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል የሚሠራው ኤፍኤም ከአድማስ ብዙም ስለማያልፍ፣ ደረጃው ሲወሰን ከማሰራጫው ኃይል ጋር የአንቴናው ከፍታም ይመዘናል።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ቀጠና ከፍሎ የትኛው የሞገድ ክልል ለምን አገልግሎት እንደሚውል ይደነግጋል። በአውሮፓ፣ በአፍሪካና በእስያ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች በ9 ኪሎ ኸርዝ፣ በአሜሪካ አህጉራት በ10 ይራራቃሉ። በ10 ብቻ የሚዘል ዲጂታል ሬዲዮ ይዞ ወደ አፍሪካ የመጣ ሰው ብዙዎቹን ጣቢያዎች አስተካክሎ መያዝ ያቅተዋል። ፈቃድ የሚሰጠው ግን እያንዳንዱ አገር ነው።

በባለቤትነት ደግሞ ጣቢያዎች የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ተብለው ይመደባሉ። እ.ኤ.አ. በ1927 በንጉሣዊ ቻርተር የሕዝብ ተቋም የሆነው ቢቢሲ ዋና ገቢውን ያገኘው ከቤተሰቦች ከሚሰበሰብ ዓመታዊ ክፍያ ነው። «የሕዝብ» የሚለው ስም በየአገሩ ለመንግሥት አፈ ቀላጤ መሸፈኛ ሲሆንም ይታያል፤ ስለዚህ ስሙን ከማመን በፊት ሥራ አስኪያጁን ማን ይሾማል፣ ማንስ ይሽራል፣ በጀቱስ ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በተቆጣጣሪው እጅ ያለው ብርቱ መሣሪያ ከቅጣት ይልቅ የፈቃድ እድሳት ነው። በአሜሪካ የፈቃድ ዘመን እስከ 8 ዓመት ይደርሳል። ዘመኑ ባጠረ ቁጥር ጣቢያው የአዳሹን ፊት እያየ መሥራቱ አይቀርም።

ዲጂታል ቴሌቪዥን ፈቃዱን ራሱን ለሁለት ከፍሎታል። ቀድሞ አንድ የአናሎግ ፕሮግራም ብቻ ይይዝ በነበረው የሞገድ ስፋት ዛሬ በርካታ ፕሮግራሞች በአንድነት ይተላለፋሉ። በብዙ አገሮች ማሰራጫውን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት አንድ ፈቃድ፣ ፕሮግራሙን የሚያቀርበው ሌላ ፈቃድ ያወጣል፤ ለይዘቱ የሚጠየቀውም ይኸው ሁለተኛው ነው።