«ብላክአውት» መጋረጃ ምንድን ነው?

«ቤታችሁ በፀሐይ የሚነድ ከሆነ ብላክአውት አሠሩ፤ ብርሃን ካልገባ ሙቀቱ ከየት ይመጣል?» ይህንን ምክር በዚህ ወር ብቻ ለአራተኛ ጊዜ አነበብኩት። መካሪው ስለ ቀለም ስምምነትና ስለ ሶፋ አቀማመጥ ሲጽፍ አንባቢው ነኝ፤ ደህና ዓይን አለው። እዚህ ላይ ግን ሰዎች ገንዘባቸውን አውጥተው ክፍላቸውን ጨለማም ሙቅም እንዲያደርጉ እየረዳቸው ነው። ጥያቄው መልስ የሌለው መስሎት ከሆነ መልስ አለው። ሙቀቱ የሚመጣው ከራሱ ከመጋረጃው ነው።

ብላክአውት የሚለው ቃል ስለ ጨርቁ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚታይ ብርሃን አያሳልፍም። አለቀ። ስለ ሙቀት አንዳች ነገር አይልም። በብዙዎቹ የብላክአውት ጨርቆች ጀርባ ላይ የአክሪሊክ አረፋ በሦስት ዙር ይቀባል፤ መጀመሪያ ነጭ፣ መሐሉ ጥቁር፣ ላዩ እንደገና ነጭ። ብርሃኑን የሚቆርጠው መሐል ያለው ስስ ጥቁር ንብርብር ነው፤ ነጮቹ እሱን ደብቀው ይይዙታል። የተቆረጠ ጫፉን በጥፍራችሁ ብትፈለፍሉት ጥቁሩ መስመር ይታያችኋል። ከዚያ በኋላ ፊቱ ቡናማ ይሁን ክሬም፣ ጀርባው ነጭ ይሁን ጥቁር፣ ቃሉ ያው አንድ ነው፤ ብላክአውት። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

ጨርቅ ላይ ያረፈ የፀሐይ ኃይል ሦስት ዕጣ አለው። ከፊሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ ከፊሉ ያልፋል፣ የቀረው ይዋጣል። ሦስቱ ሲደመሩ መቶ ናቸው። ብላክአውት ማለት «የሚያልፈው ዜሮ ነው» ማለት ነው። የቀረው መቶ በመቶ በመመለስና በመዋጥ መካከል እንዴት እንደሚከፋፈል ግን ቃሉ ዝም ይላል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ወይም ሙቅ የሚሆነው ደግሞ ዝም በተባለው በዚያ ክፍፍል ነው።

ነገሩን በዘበኛ ልመስለው። ሙቀቱ ሌባ ነው፤ የመስኮቱ መስታወት የግቢው በር ነው። ጥርት ያለ ተራ መስታወት ለፀሐይ ጨረር ወለል ብሎ የተከፈተ በር ስለሆነ ሌባው ሳያንኳኳ ይገባል። ሮለር መጋረጃ፣ ማለትም በዘንግ ላይ የሚጠቀለለው፣ የሚሰቀለው ከመስታወቱ በስተውስጥ ነው፤ ዘበኛችን የቆመው ሳሎን ውስጥ ነው ማለት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ እዚህ ውሻው የሚጮኸው ጅቡ ከገባ በኋላ ነው። እንግዲህ ዘበኛው ምን ያደርጋል? ነጭ ለባሽ ከሆነ ሌባውን አንገቱን ይዞ በገባበት በር መልሶ ይወረውረዋል፤ በሩ ክፍት ነውና ይወጣል። ጥቁር ለባሽ ከሆነ ግን ሌባውን ይይዝና እዚያው ሳሎን ውስጥ ልብሱን ያስቀይረዋል።

የልብሱን ለውጥ ቸል አትበሉት። ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ከ300 እስከ 2,500 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ውስጥ ያለ ነው፤ መስታወት አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ጨርቁ ይህን ውጦ ሲሞቅ በፈንታው የሚረጨው ጨረር ግን 10,000 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ይህንን መስታወት አያሳልፍም። ሌባው በገባበት ልብስ ቢሆን ኖሮ ይወጣ ነበር፤ አሁን ግን በሩ አያውቀውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ይንሸራሸራል፤ ከፊሉ ከጨርቁ ገጽ በቀጥታ ወደ እናንተ ይረጫል፣ ከፊሉ በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ያለውን አየር አሙቆ በላይኛው ክፍተት እየተንፎለፎለ ይወጣል። ጨለማው ደግሞ ሌባው ላይ እንደተደፋ ጆንያ ነው፤ ሌባውን እንዳታዩት እንጂ እንዳይኖር አላደረገም። (ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ እንደሚያነክስ አውቃለሁ። መስታወቱ ራሱ ያንን ሙቀት ውጦ ጥቂቱን ወደ ውጭ ስለሚያስተላልፍ በሩ ጨርሶ የተቆለፈ አይደለም።)

ወደ ቁጥር እንምጣ። መሐንዲሶች ለመጀመሪያ ግምት የሚጠቀሙበት ቀላል የአውሮፓ ስሌት አለ። አንድ ነጠላ ጥርት ያለ መስታወት ያለ ምንም መጋረጃ ካረፈበት የፀሐይ ኃይል 85 በመቶውን ያህል ያስገባል እንበል። በስተውስጥ ከሚያርፍበት 10 በመቶውን ብቻ የሚመልስ፣ 90 በመቶውን የሚውጥ ጥቁር ቡናማ ብላክአውት ብንሰቅል ስሌቱ 65 በመቶ አካባቢ ይሰጠናል። በመስታወቱ በኩል ነጭ የሆነና 70 በመቶ የሚመልስ ብላክአውት ቢሆን 30 በመቶ አካባቢ። ሁለቱም ብላክአውት ናቸው፤ ሁለቱም ክፍሉን እኩል ያጨልማሉ፤ አንደኛው ግን ከሌላኛው ከእጥፍ በላይ ሙቀት ያስገባል።

አሁን የሚያናድደኝ ንጽጽር ይመጣል። ብላክአውት ያልሆነ፣ በሽመናው ቀዳዳዎች ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ስክሪን ጨርቅ እንውሰድ። 60 በመቶ ይመልሳል፣ 20 በመቶ ያሳልፋል፣ 20 በመቶ ይውጣል። ውጤቱ 40 በመቶ አካባቢ ነው። ብርሃን እያስገባ፣ ውጭውን በመጠኑ እያሳየ፣ ከጨለማው ቡናማ መጋረጃ እጅግ ያነሰ ሙቀት ያስገባል። ወዳጄ መካሪ «ብርሃን ካልገባ ሙቀት ከየት ይመጣል» ያለው እዚህ ላይ ይወድቃል።

በዋት እናስበው። ሁለት ካሬ ሜትር የሆነ ወደ ምዕራብ የዞረ መስኮት ላይ ከሰዓት በኋላ በካሬ ሜትር 700 ዋት ቢያርፍ ጠቅላላው 1,400 ዋት ነው። ቡናማው መጋረጃ ከዚህ 900 ዋት ያህሉን ያስገባል። ይህ ማለት የጋለ ካውያ ክፍሉ ውስጥ ሰክቶ ረስቶ እንደመሄድ ነው። ከዚያም ሰውየው ጨለማው ስላላስነበበው መብራት ያበራል።

«እኔ ግን ሰቅዬ ለውጥ አይቻለሁ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እውነቱንም ነው። ከ85 ወደ 65 መውረድ ለውጥ ነው፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የነበረ ጨረር ሲቆም ደግሞ ሰውነት ወዲያው እፎይ ይላል። የምለው ጥቁሩ ምንም አይሠራም አይደለም። በዚያው ገንዘብ የተሻለውን ማግኘት ሲቻል የባሰውን «ለሙቀት ነው» ብሎ መሸጥ ልክ አይደለም ነው የምለው።

ሌላው የሻጮች ቁጥር «አልትራቫዮሌት 99 በመቶ ይከላከላል» የሚለው ነው። ይከላከል ይሆናል። ነገር ግን ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ከቀረው ከፊሉ የሚታይ ብርሃን፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። ቁጥሩ ለሶፋው ቀለም አለመደብዘዝ ጥሩ ዜና ነው፤ ለላባችሁ ግን አይደለም። በነገራችን ላይ ግማሹ ኃይል በዓይን ስለማይታይ የጨርቅን ጠባይ በዓይን ብቻ መፍረድም አያስተማምንም። ጥቁር መስለው ኢንፍራሬዱን በደንብ የሚመልሱ ጨርቆች አሉ። ስለዚህ በልክ የሚሠራ መጋረጃ ስታዝዙ ቀለሙን ከመምረጣችሁ በፊት የጨርቁን የቴክኒክ ወረቀት ጠይቁ። በመስታወቱ በኩል ያለው ገጽ የፀሐይ ኃይልን ስንት በመቶ ይመልሳል? ይህንን የማይመልስ ሻጭ ስለ ሙቀት እያወራ አይደለም። ኢኤን 14501 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ ለብርሃን አጋጅነትና ለሙቀት ለየብቻ ደረጃ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሙቀቱ ከ0 እስከ 4 ነው፣ 4 ምርጡ።

ስክሪን ጨርቅ ከመረጣችሁ 1 በመቶ፣ 3 በመቶ፣ 5 በመቶ፣ 10 በመቶ የሚል ቁጥር ይገጥማችኋል። ይህ በሽመናው ውስጥ ያለው የቀዳዳ ድርሻ ነው፤ የሚገባው ሙቀት መጠን አይደለም። ባለ 5 በመቶ ነጭና ባለ 5 በመቶ ጥቁር ቀዳዳቸው እኩል ሆኖ ሥራቸው ለየቅል ነው። ነጩ ሙቀት ይመልሳል፣ ነገር ግን ክሩ ራሱ በብርሃን ስለሚፈካ ዓይን ይወጋል፣ ውጭውንም ያደበዝዛል። ጥቁሩ ውጭውን አጥርቶ ያሳያል፣ ሙቀቱን ግን ይውጣል። እኔ የማዝዘው በውጭ በኩል ነጭ፣ በውስጥ በኩል ጠቆር ያለውን ነው። ማታ መብራት ሲበራ ነገሩ እንደሚገለበጥና ከውጭ ያለ ሰው እናንተን እንደሚያያችሁ ግን አትርሱ፤ ለመኝታ ቤት ስክሪን ብቻውን አይበቃም። ብላክአውትም ቦታው እዚያ ነው። ቀን ለሚተኛ የሌሊት ሠራተኛ፣ ለሕፃን፣ ለፊልም ማሳያ ክፍል ተወዳዳሪ የለውም። እሱም ቢሆን ጨርቁ ከማቀፊያው ጠበብ ስለሚል በግራና በቀኝ የብርሃን ሰንጥቅ ይተዋል፤ ከመስኮቱ ጉድጓድ ውጭ ግድግዳ ላይ ሰፋ አድርጎ መስቀል ወይም የጎን ሐዲድ መጨመር ያስፈልጋል።

ዘበኛውን ወደ ግቢው በር ማውጣትስ? ያ ነው ትክክለኛው መፍትሔ። በዚያው ስሌት ከመስታወቱ ውጭ የተሰቀለ ጥቁር ስክሪን 25 በመቶ እንኳ አያስገባም። ጥቁሩ ዘበኛ ደጅ ላይ ሲቆም የያዘውን ሌባ ነፋሱ ይወስድለታል፤ ቤት ውስጥ ግን የሚወስድለት የለም። የውጭ መጋረጃ ንፋስ የሚችል ሽቦ ወይም ሐዲድ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ ሁሉም ቤት አይፈቅድለትም።

ሳልጠየቅ ሁለት ነገር ልጨምር። ነጭ ወይም ባለ አልሙኒየም ጀርባ መጋረጃ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ሲሰቀል መስታወቱን ከሁለት ወገን ያሞቀዋል፤ ጠርዙ በማቀፊያው ጥላ ውስጥ ቀዝቅዞ መሐሉ ሲግል፣ በተለይ ባለ ሁለት ንብርብር ወይም ቀለም የተነከረ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉ። መጋረጃውን የሚያወጣና የሚያወርደው ሰንሰለትም ነገሩ የዋዛ አይደለም። ልቅ ሆኖ የተንጠለጠለ ሰንሰለት ሕፃናትን አንቆ ገድሏል፤ ግድግዳ ላይ የሚወጥረው መያዣ ከዕቃው ጋር ከመጣ አትጣሉት። ደግሞ ለምድር ወገብ በቀረቡ ቦታዎች የቀትር ፀሐይ የሚመታው መስኮትን ሳይሆን ጣራን ነው። ጣራችሁ ቆርቆሮ ሆኖ ከሥሩ ምንም መከላከያ ከሌለው መጋረጃ ሻጭ ዘንድ አትሂዱ። (ሁለት ብዬ ሦስት ሆነ።)

ባለፈው አንዲት እናት «ብላክአውት አሠርቼ መኝታ ቤቴ ምድጃ ሆነ» ብለው አስጠሩኝ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር፤ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ያያል። መዳፌን ጨርቁ ላይ ሳስደግፍ አሁን እንደተተኮሰ ሸሚዝ ይፋጃል። ጨርቁን ገልበጥ አድርጌ ሳየው አንዱ ገጹ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ቡናማ ነው። የሰቀለው ሰው ነጩ ከግድግዳው ጋር ይስማማል ብሎ ነጩን ወደ ክፍሉ፣ ቡናማውን ወደ መስታወቱ አዙሮታል። ዘበኛው ጀርባውን ለሌባው ሰጥቶ ቆሟል።

አዲስ ጨርቅ አላስፈለገም። ሙሉ ጥቅሉን አውርጄ ግራና ቀኙን አቀያይሬ መልሼ ሰቀልኩት፤ ነጩ ወደ ፀሐይ ዞረ። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ደውለው መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አድርገው እንደሚያወሩኝ፣ ለብ ከማለት በቀር እንደማይፋጅ ነገሩኝ። ቡናማው ግን ከግድግዳው ጋር ጨርሶ አይሄድም ብለዋል፤ ሰንሰለቱ ከቀኝ ወደ ግራ መዞሩንም አልወደዱትም።