ኤልኤስቲ-325፦ ታንክ ጭና አሸዋ ላይ የምትወጣው መርከብ

ኤልኤስቲ (ታንክ አራጋፊ መርከብ) ከሚባሉት አንዷ የሆነችው ኤልኤስቲ-325 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1942 ፊላደልፊያ ውስጥ ተሠርታ ውሃ ላይ ወረደች። ስም አልወጣላትም፤ ቁጥር ብቻ ተሰጣት። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሺህ በላይ እህቶቿን ሠርታለች፤ ለዚያ ሁሉ ማን ስም ያወጣል?

ሥራዋ ወደብ በሌለበት ታንክና መኪና ማራገፍ ነው። ርዝመቷ 100 ሜትር ያህል ሲሆን ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። ባሕር ስታቋርጥ ውሃ ሞልታ ትከብዳለች። ዳርቻው ሲቃረብ ውሃውን አስወጥታ ትቀላለች፤ ከኋላዋ መልህቅ ትጥልና አፍንጫዋን አሸዋው ላይ ትሰካለች። የፊት በሮቿ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፤ መወጣጫው ይዘረጋል፤ መኪኖቹ ተራ በተራ ይወጣሉ። ሲያበቃ የመልህቁን ገመድ በዊንች (በገመድ መጠቅለያ ማሽን) እየሳበች ወደ ውሃው ትመለሳለች። ማዕበል ሲነሳ ግን ያ ጠፍጣፋ ሆድ ጉድ ያፈላል፤ መርከቧ እንደ ጉድ ትንገላታለች። ፍጥነቷም በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርከበኞቹ ራሳቸው «ዘገምተኛዋ ዒላማ» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ1943 ሲሲሊና ሳሌርኖ ላይ አራግፋለች። ዋናው ታሪኳ ግን የፈረንሳይዋ ኖርማንዲ ነው። የአሜሪካና የአጋሮቿ ወረራ እዚያ በተጀመረ ማግስት፣ ጁን 7 ቀን 1944፣ 59 ተሽከርካሪዎችና ከ400 በላይ ሰዎች ይዛ ኦማሃ ዳርቻ ደረሰች። ስትመለስም ባዶዋን አልተመለሰችም፤ 38 ቁስለኞች ጭና እንግሊዝ ገባች። በቀጣዮቹ ወራት ያንን ባሕር ከ40 ጊዜ በላይ ተመላልሳበታለች። በዲሴምበር 1944 ኢምፓየር ጃቭሊን የተባለችው ወታደር ጫኝ መርከብ ስትሰጥም፣ 700 ያህል ሰው በማትረፉ ሥራ ተካፍላለች።

በ1946 ከአገልግሎት ወጣች። በ1951 ደግሞ ተመልሳ ለካናዳና ለግሪንላንድ የራዳር ጣቢያዎች ግንባታ ዕቃ አመላለሰች። በ1964 ለግሪክ ባሕር ኃይል ተሰጠችና «ሲሮስ» ተባለች። በመጨረሻ ስም አገኘች ማለት ነው! እስከ 1999 ድረስም እዚያው አገለገለች።

ከዚያ የመጣው ነገር ለማመን ይከብዳል። የቀድሞ አሜሪካውያን መርከበኞች ክሬት ድረስ ሄደው መርከቧን ጠጋገኗት። አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት ነበር። በኖቬምበር 2000 ከሱዳ ወሽመጥ ተነስተው፣ በጊብራልታር አልፈው፣ አትላንቲክን በዚያች ዘገምተኛ መርከብ አቋረጡ። ጃንዋሪ 10 ቀን 2001 አላባማ፣ ሞቢል ገቡ።

ከ2005 ጀምሮ መቀመጫዋ ኢንዲያና ውስጥ ያለችው ኢቫንስቪል ናት። ከተማዋ ከባሕር ሩቅ ብትሆንም በኦሃዮ ወንዝ ዳር በነበረው መርከብ ማምረቻዋ 167 ኤልኤስቲዎች ተሠርተዋል። ጠፍጣፋው ሆድ ለወንዝ ይመቻል፤ ኤልኤስቲ-325 ዛሬም በራሷ ሞተር እየተጓዘች በወንዙ ዳር ያሉ ከተሞችን ትጎበኛለች።