«ሰነፈ» ያልነው ልጅ፦ ግቢ ውስጥ ስለ አእምሮ ጤና የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለን ከዶርማችን ልጆች አንዱ ካፌ መሄድ አቆመ። ሚል ካርዱን (የካፌ መመገቢያ ካርዱን) ለጠየቀው ሁሉ ስለሚሰጥ ሦስት ሳምንት ያህል በተራ እየወሰድን ደግመን በላንበት። «አንተስ ምን እየበላህ ነው?» ያለው ግን የለም። ክላስ ሲቀር ሰነፈ አልን፤ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሲውል ፍቅር ይዞት ነው ብለን ሳቅን። ያኔ እንናገር የነበረውን ዛሬም ከግቢ ልጆች አፍ እሰማዋለሁ።

«የአእምሮ ሕመም ማለት ማበድ ነው»

ልብሱን የጣለ ወይም ብቻውን የሚያወራ ካላየን ታመመ አንልም። አዲስ አበባ ላይ «አማኑኤል» የሚለው ስም ስድብ እስከመሆን የደረሰውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሆስፒታሉ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስለነበር ሰው የሚወሰደው ሕመሙ ከጠና በኋላ ነበር። ድብርትና ጭንቀት ግን ከዚያ እጅግ ይበዛሉ፤ ድምፅም የላቸውም። እንቅልፍ ይጠፋል ወይም ይበዛል፣ ምግብ አይበላም፣ የሚወዱት ነገር ያስጠላል፣ አንድ ገጽ አሥር ጊዜ ተነቦ ምንም አይያዝም። እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ ማለት ይቻላል ሁለት ሳምንት ከቆየ «ጠባዩ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚናገረውም በሰውነት በኩል ነው። የእኛ ልጅ ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ሄዶ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬን ያመኛል» ብሏል። መጀመሪያ የጨጓራ፣ ቀጥሎ የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። «እንቅልፍህስ እንዴት ነው?» ያለው ግን አልነበረም።

«ጎበዝ ተማሪን አይይዘውም»

አብዛኞቹ የአእምሮ ሕመሞች የሚጀምሩት ከ25 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ልጁ ከቤት ርቆ፣ ከማያውቃቸው ጋር ዶርም ተመድቦ፣ እንቅልፉም አበላሉም በተዘበራረቀበት ዕድሜ ማለት ነው። ጉብዝና አይከላከልም። እንዲያውም ከወረዳው አንደኛ ወጥቶ የመጣው ልጅ የመጀመሪያውን የሚድ ፈተና ሲወድቅ የሚነግረው ሰው የለውም፤ እናቱ ስትደውል «ሁሉ ሰላም ነው» ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናው ተጨምሯል።

«ዓይነ ጥላ ነው፤ ጸበል እንጂ መድኃኒት አይሆነውም»

እዚህ ላይ ጠብ የለኝም፤ ጸበል የሚጠመቅ ቤተሰብ ነው ያሳደገኝ። ስሕተቱ «እንጂ» የምትለው ቃል ላይ ነው። እንጦጦ ማርያም የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እያቋረጡ በተቸገሩበት ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመም የማይሠራበት ምክንያት የለም። ለሙስሊሙ ወንድማችን ሩቅያም (ቁርኣን እየተቀራ የሚደረገው ፈውስ) እንዲሁ ነው። የሚጾም ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ያስተካክልለታል።

«መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል»

ለድብርት የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት ሱስ አያስይዙም። ችግሩ ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳሉ፤ ማቅለሽለሹ ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል። ስለዚህ ብዙው ሰው «ምንም አላደረገልኝም» ብሎ በሳምንቱ ይተዋል። ሲሻለው በገዛ እጁ በድንገት የሚያቆምም አለ፤ እሱም ልክ አይደለም። የሚያስለምዱት እንደ ዲያዜፓም ያሉት ናቸው፤ ከጓደኛ ተውሶ መዋጥ የማይገባውም ለዚህ ነው።

«ጫት ጭንቀት ያስረሳል»

የሚገርመው፣ መድኃኒቱን «ሱስ ነው» ብሎ የሚፈራው ልጅ ለፈተና ሰሞን ጫት ገዝቶ ይገባል። ምርቃናው እስካለ እውነት ነው፤ ያነቃል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ለማብረድ ጨብሲ (መጠጥ) ይከተላል፣ በነጋታው ድብርቱ እጥፍ ሆኖ ይመጣል፣ ያቋረጠውን ደግሞ ዱካክ (የጫት ቅዠት) ያስጮኸዋል። ቀድሞ ድብርት ያለበት ልጅ በየቀኑ በዚህ ላይ ሲመላለስ የትኛው የሕመሙ፣ የትኛው የጫቱ እንደሆነ ራሱም መለየት ያቅተዋል።

«ስለ ሞት ከጠየቅከው ሐሳቡን ትሰጠዋለህ»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ራስን ማጥፋት ሦስተኛው ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብቻውን የተሸከመውን ሰው ያሳርፈዋል። የእኛን ልጅ በመጨረሻ የጠየቀው ብዙም የማያወራ የጎንደር ልጅ ነበር፤ አንድ ማታ አልጋው ጫፍ ቁጭ ብሎ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ እንዴ?» አለው። ዝም አለ። ቆይቶ «አዎ» አለ።

እንዲህ ያለ መልስ ከመጣ «ለማንም አልናገርም» ብሎ መማል የለም። ያን ሌሊት እየተቀያየርን አብረነው አደርን፤ ለፕሮክተሩም (ለዶርሙ ተቆጣጣሪ) ለታላቅ ወንድሙም ነገርን፤ ሲነጋ ሆስፒታል ወሰድነው።

«ከታመመ ትምህርቱ አለቀ»

አላለቀም። ዋናው ነገር ዝም ብሎ ሻንጣ ይዞ አለመጥፋት ነው፤ ሬጅስትራር የሚያየው «ጠፋ» ብሎ ነው። የሐኪም ማስረጃ አያይዞ ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) መሙላትና ሲሻል መመለስ ይቻላል። የእኛም ልጅ እንዲያ አድርጎ በዓመቱ ተመለሰ፤ ከኛ በታች ካለው ባች ጋር ተመረቀ። በመጣ ሰሞን አንዱ እንደ ልማዱ ሚል ካርዱን ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ፣ «ዛሬ እኔው ነኝ የምበላበት» ብሎት ወደ ካፌ ወጣ።